የቅጣው ሣርና የጎረቤት ውሻ

«ሽንቱ ነው! መርዝ ነው የሚሸናው!» ቅጣው የደረቀውን ሣር በዱላው እየወጋ ወደ ውሻው አመለከተ። ውሻው መከታ በገመድ እንደታሰረ በባለቤቱ በእትዬ ጥሩሸዋ እግር ሥር ቁጭ ብሎ አዛጋ።

ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ እንዲህ ያለ ግቢ እንደሌለ ቅጣው ያውቃል። ጎረቤቱ ሁሉ ገብስና ድንች ሲል እሱ ብቻ ለዓይን የሚሆን ሣር ተክሏል። ደብረ ብርሃን ያሉ ባለ ፎቆች በሕልማቸው የሚያዩት ይህንኑ ሣር ነው፤ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም። አሁን መሀሉ ላይ ሁለት ቦታ እንደ ተቆላ ገብስ ጠቁሮ ሞቷል። ጥፋቱ የውሻው ከሆነ ዛሬውኑ እንዲገደል እትዬ ጥሩሸዋ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብተዋል። ፍርዱን የምትሰጠው የእርሻ ባለሙያዋ ፀደንያ ናት፤ ሣሩ ላይ ተንበርክካለች።

ቅጣው ቁልቁል አያት። ዕድሜዋ የሱን ቦቲ ጫማ እንኳ አያህልም። «ይቺ ናት ሣሬን የምታክመው?» አለ በልቡ። ቅጣው በልቡ ያለው ነገር ደግሞ እስከ ገበያው ይሰማል።

«ምን ትቧጭሪያለሽ ልጄ? ስንቱን ምሁር አፍ ያስያዝኩ ሰው ነግሬሽ የለም?»

«የውሻ ሽንት ቢሆን ጋሼ፣ ትንንሽ ክብ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ይለመልም ነበር» አለች ቀና ሳትል። ሣሩን ነቅላ ሥሩን አየች፤ ትል አልበላውም። ውርጭም ቢሆን ሁለት ቦታ ብቻ መርጦ አይመታም። ከአፈሩ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረች።

ቅጣው ሳቁን ለቀቀው። «አፈር በላች! ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈላት!»

«ጨው ነው» አለች እንትፍ ብላ። «እዚህ ላይ ቆዳ ያሰጣ ማነው?»

ቅጣው ዱላውን ወደ ኋላው ደበቀ። የፋሲካ በጎቹን ቆዳ ጨው ነስንሶ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሁሉ እንዲያይለት ሣሩ ላይ የዘረጋው ራሱ ነው። ገዢ ጠፍቶ ቆዳው ሳምንት ከረመ፤ ከዚያ ወዲህም ጨውን የሚያጥብ ዝናብ አልጣለም። እሱ ግን እስከ ትናንት ድረስ በየጠላ ቤቱ፣ «አምስት ሙክት ጣልኩ፣ እያንዳንዱ ወይፈን የሚያህል!» ሲል ነበር።

«ጨው ወደ ታች እስኪወርድ ሳምንት ሙሉ ውኃ ያጥለቅልቁበት» አለች ፀደንያ እጇን እያራገፈች። «ከዚያ አፈሩን ኮትኩተው ከዳር ዳሩ ሣር ከነሥሩ እያነሱ ይትከሉበት። ውሻው ነፃ ነው።»

እትዬ ጥሩሸዋ ገመዱን ፈቱ። ዓይናቸው ግን ከሣሩ አልተነሣም። የደረቀው ነገር አሁን እንደተዘረጋ ቆዳ አንገት አለው፤ የተዘረጋ አራት እግር አለው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«አንድ… ሁለት። ቅጣው፣ የሦስቱስ ቆዳ?»

«የሦስቱማ…» አለ ቅጣው። በቦቲው ከአራቱ እግር አንዱን ሸፈነ።

መከታ ደረቁን ሣር አሸተተ፤ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረና ወይፈን በሚያህለው ሙክት ላይ ተጋደመ። አፍንጫውን በሙክቱ አንገት ላይ አሳረፈ። ሙክቱ ለውሻው እንኳ አልበቃ ብሎ ጅራቱ ውጭ ቀረ።