የባለ ቆርቆሮው ድልድይ ታሪክ

የወረዳው የባህል ባለሙያ የባለ ቆርቆሮውን ድልድይ ታሪክ ጽፈህ ና ተብሎ ሲላክ፣ ታሪኩን ገና መንገድ ላይ በልቡ ጨርሶት ነበር። ጣራ ያለው ድልድይ በአገሩ አይቶ አያውቅም። አንድ ባላባት ለሙሽራ ልጃቸው ጥላ እንዲሆናት አሠርተውት ይሆናል። ባይሆንም ሲጻፍ ይሆናል።

ድልድዩ አፍ ላይ ጥበቃውን፣ አያ ይመርን፣ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አያ ይመር፣ ይህ ጣራ ለምን ተሠራ?»

«ለሪባኑ ነዋ።»

ቀና ብሎ አየ። ቀይ ሪባን መግቢያውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል።

«የሚመርቁት ባለሥልጣን ነገ ዛሬ ሲሉ ቀሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሪባን መለወጥ ሲሰለቸን ቆርቆሮ አለበስነው። ድልድዩ ከተሠራ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ።»

«ታዲያ ሕዝቡ በየት ይሻገራል?»

አያ ይመር በከዘራቸው ወደ ታች አመለከቱት። አንድ ገበሬ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ አህያውን እየጎተተ ወንዙን ይሻገራል።

«ያልተመረቀ ድልድይ ይረገጣል እንዴ ልጄ?»

ባለሙያው በንዴት ጦፈ። ይህን ጉድ አጋልጣለሁ ብሎ ደብተሩን አወጣ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ አለቃውን አሰበ፣ እንደገና ጻፈ፦ «ድልድዩ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ለኅብረተሰቡ አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል።»

የቀረው ማዶ ያለውን የእብነ በረድ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ነበር። በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ አማረው። ግራ ቀኙን ቃኘ።

ከዚያ ጫማውን አውልቆ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።