የበሩ መጅ

«ስልኩን ጠየቅሽ፤ ስልኩ ውስጥ የሚያወራውን ፈረንጅ ጠየቅሽ፤ እኔን ግን እንደ ቤት ምሰሶ ተደግፈሽኝ አለፍሽ» አሉ እማ አሚናት። «ዕድሜ ልኬን ከገራዶ እንጨት ተሸክሜ ደሴ የወጣሁ ሴት፣ ስለ ሸክም አንዲት ቃል የሚጠይቀኝ አጣሁ!»

የልጅ ልጃቸው ኢስራ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ከእግሯ ጣት ቀስ እያለች ትልጣለች፤ ደሙ ደርቆ ጨርቁን ከቁስሉ ጋር አጣብቆታል። ጠዋት ያንን ትልቅ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ስትወጣ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ ኮምቦልቻ ልትገባ ነበር። ለረጅሙ ጉዞ ልምምድ መሆኑ ነው። መንገዱን ሳታጋምስ ሚኒባስ አስቁማ ተመለሰች።

ነፋሱ በሩን ወርውሮ ከግድግዳው አላተመው።

«ይኼ በር ዛሬ ምን ነካው?» አለ አጎቷ በሺር። «የሚደገፍበት መጅ የት ሄደ?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ? ተነስተህ ዝጋው» አሉ አሚናት።

ዘጋው። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ስለከረመ በሩ መልሶ ተከፈተ። በሺር ወደ ኢስራ እግር አጎንብሶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ብያለሁ። ከሞያሌ ወዲያ ዓመት ሙሉ አገር ላገር ልትዞር የተነሳች ልጅ፣ ሐረጎ ላይ ቀረች!»

«መስጊዱ አፍንጫህ ሥር እያለ ለጁምዓ በባጃጅ የምትሄድ አንተ ነህ ደግሞ ስለ መንገድ የምታወራው?» አሉት አሚናት።

በሺር እየሳቀ ለዐስር ሶላት ዉዱእ ሊያደርግ ወደ ጓሮ ወጣ። ኢስራ ግን አልሳቀችም።

«እውነቱን ነው፣ እማ። ቦርሳውን ትናንት እህል ቤት ወስጄ አስመዝኜዋለሁ። ለመንገደኛ ልክ ነው ከሚባለው በታች ነው፤ ሴቱም ወንዱም የሚሸከመው ነው። ክብደቱ ልክ ከሆነ እንግዲህ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኛ።»

«ሚዛኑ ቀጥፎ ይሆናል።»

«ሚዛን ምን አስቀጠፈው?»

አሚናት ዓይናቸውን ከቦርሳው ላይ አነሱ።

ልጅቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣ ከግቢው በር ላይ የሚያልፉትን ረጃጅም መኪኖች እያየች ነው ይህን ጉዞ ያሰበችው። አንድ ጫማ ለመምረጥ ስንት ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ዋለች። ፎጣዋን ለሁለት ቀደደችው። ልብሷን ዘርግታ፣ ቀንሳ፣ እንደገና ዘርግታ ቀነሰች። መጨረሻ ላይ የጥርስ ብሩሿን እጀታ በቢላ ስትቆርጥ አሚናት እስኪያነቡ ድረስ ሳቁባት። «ይኼ ነው የሚከብድሽ?»

«እማ፣ መንገድ ላይ ትንሹም ይከብዳል አሉ።»

ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ልጅቱ ልትታጠብ ስትወጣ፣ አሚናት የቦርሳውን የታችኛውን ዚፕ ከፈቱ። በሩን የሚደግፈውን የእናታቸውን የወፍጮ መጅ፣ እህል ሲፈጭበት የኖረውን ያን ጥቁር ድንጋይ፣ የመኝታ ከረጢቷ ውስጥ ጠቅልለው ከተቱት። እናታቸውም ልጅ ሳሉ ጭነታቸው ላይ እርጥብ ግንድ ትጨምርባቸው ነበር። ከባዱን የለመደ ትከሻ፣ ቀላሉ ላባ ይሆንለታል። ማታ ይነግሯታል፤ ይስቃሉ። ለራሳቸው እንዲያ ነበር ያሉት።

ልጅቱ ቦርሳውን አዝላ፣ ጎብጣ፣ ደጃፉ ላይ ጉልበታቸውን ሳመች። «ዱዓ ያድርጉልኝ» አለች። አሚናትም መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ መንገዱን ያቅልልልሽ» አሉ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ እያወቁ። «አሚን» አለች ልጅቱ ፊቷን በእጆቿ እየዳበሰች።

ለትምህርት የሚጨመር ሸክም ተደብቆ አይጨመርም። የእናታቸው ግንድ ዓይናቸው እያየ ነበር የተጫነባቸው። እሳቸው ግን እንደ ሌባ አካባቢውን ቃኝተዋል፣ ዚፑ እንዳይሰማ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። የኢስራ እናት በባቲ በኩል ወጥታ፣ ባሕሩን ተሻግራ፣ ጂዳ ገብታ፣ የስልክ ድምፅ ብቻ ሆና ከቀረች ስንት ዓመቷ። መንገድ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወስዷል። ሁለተኛውን እንዳይወስድ ድንጋይ አስቀመጡበት። እውነቱ ይኸው ነው።

ኢስራ ስልኳን አነሳች። «ለጉዞ ጓደኛዬ ለመሲ ልደውልላት። አዲስ አበባ እኔን ስትጠብቅ ከምትቀር ከሌላ ሰው ጋር ትሂድ። ፋብሪካውም ሰው እየፈለገ ነው አሉ፤ እመለሳለሁ።» ጭንቅላቷን አሚናት ጉልበት ላይ ጣል አደረገችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ደስ ይበልዎት፣ እማ። የትም አልሄድም። አቅሜን አወቅኩት።»

ቀኑን ሙሉ የለመኑት ይህንኑ ነበር። መጣላቸው። አሁን ግን ያ በራሷ ላይ ሲፈርድ ሰምተውት የማያውቁት አንደበት፣ «አቅሜን አወቅኩት» አለ። በማን ሚዛን አወቀችው?

በሩ እንደገና ተላተመ። ኢስራ ስልኩን እንደያዘች እያነከሰች ተነሳች፤ የሚደገፍበት ነገር ፍለጋ በሩ ሥር ጎንበስ ብላ ዳበሰች። ድንጋዩ የኖረበት ቦታ ላይ ወለሉ ነጥቶ ቀርቷል። «የምር ግን፣ ይህን ድንጋይ ማን ወሰደው?»

«በሩን ተይው» አሉ አሚናት። ድምፃቸው ለራሳቸውም የሌላ ሰው መሰላቸው። «ስልኩንም አስቀምጪው። ያንን ቦርሳ ጎትተሽ እዚህ አምጪና የታችኛውን ዚፕ ክፈቺ።»

«ምን ሊያዩ ነው? የመኝታ ከረጢቴ ነው እኮ ያለበት።»

«ክፈቺ አልኩሽ! የለም፣ እንዲያ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ አይደለም። ወደ እኔ ዙሪ። ፊቴን እያየሽ አውጪው።»