ጤነኛ ሦስት

«አስራ አንድ?» ይላል የላቦራቶሪያችን ሠራተኛ ካሚዞኖ ከጨለማው ውስጥ።

«የለም» እላለሁ፣ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ።

እሱ ደሙን መስታወቱ ላይ አንጠባጥቦ፣ የሚያበራውን ቀለም ጨምሮ፣ ትርፉን አጥቦ ይደረድራል፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። የደም ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ የገባበት ሰው ደም አረንጓዴ ያበራል። ካበራ «አለ» እላለሁ፣ ካላበራ «የለም»። የማን መሆኑን ካወቅኩ ዓይኔ ያደላል።

«አስራ ሁለት?»

«ኧረ! ይሄስ ቦግ ብሏል! አለ ብለው ይጻፉ። የየትኛው ደሴት ሰው ይሆን?»

ካሚዞኖ እርሳሱን ሲያስቀምጥ እሰማለሁ።

«ሴት ከሆነች፣ ደግሞም የምታጠባ ከሆነች፣ ዛሬውኑ ይደወልላት። አንድ ጊዜ እንኳ ደግማ እንዳታጠባ።»

ይሄን ስል አዲስ ነገር መናገሬ አይደለም። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደቡብ ጃፓን፣ ካጎሺማ ተቀምጬ የደም ካንሰር ሳክም፣ በሽተኞቼ ከእነዚሁ ደሴቶችና ከዚሁ የባሕር ዳርቻ መምጣታቸው አላስተኛ ብሎኝ ነው ምርመራውን የጀመርኩት። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በጡት እንደሚሻገር ገና መጠርጠራችን ነው። ገብቶ ዝም ይላል። ብዙውን ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ አይነካውም፤ አንዳንዱን ግን በሃምሳ በስድሳ ዓመቱ ይዞት ይሄዳል። ባለፈው ወር አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ልጇን እቅፍ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ አንቺ ብትሆኚ ጡት ታስጥዪው ነበር?» አለችኝ። «ዛሬውኑ» አልኳት። ዓይኔን እንኳ አላሸሸሁም።

«ጋሼ ካሚዞኖ? ይጻፉ እንጂ።»

«አላጠብኩትም መሰለኝ።»

«ምኑን?»

«አስራ ሁለትን። ሳላጥበው አልፌው ይሆናል። ዛሬ እጄም ልክ አይደለም። ይሄን እንተወውና ከሰዓት በኋላ እንደገና እንሥራው።»

ካሚዞኖ በአስራ ዘጠኝ ዓመት አንድም መስታወት ሳያጥብ አልፎ አያውቅም። ሚስቱን በቀበረ ማግስት እንኳ እዚሁ ቆሞ ሲያጥብ ነበር። ተነስቼ መብራቱን አበራለሁ። ወረቀቱን በመዳፉ ሸፍኖታል።

«እጅዎን ያንሱ።»

«ዶክተር፣ በእናትዎ...»

«ያንሱ!»

ከአስራ ሁለት ፊት ለፊት «ጤነኛ ሦስት» ይላል።

ለማመሳከሪያ የምንጠቀምበት የጤነኛ ሰው ደም ባለፈው ሐሙስ አልቆብን ነበር። ሲያልቅ ከራሳችን ክንድ መቅዳት የቤታችን ልማድ ነው። ከእኛ ወዲያ ጤነኛ ማን አለ? ካሚዞኖ «የእኔ ደም ግማሹ የስኳር ድንች አረቄ ነው፣ ማይክሮስኮፑን ያሰክረዋል። የእርስዎ ይሻላል» ብሎ እየሳቀ ቀዳኝ። ሁለት ነርሶች ቀድመውኝ ስለሰጡ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። ቱቦው ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

እናቴ የደሴት ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ አጥብታኛለች፤ ለሰው ሁሉ ስታወራው ኖራ ነው የሞተችው። ስንት ሺህ ሰው ደም መርምሬ፣ የራሴን ለመመርመር አንድ ቀን ትዝ አላለኝም።

መደንገጥ ነበረብኝ። ምንም አይሰማኝም። መብራቱን አጥፍቼ እንደገና ጎንበስ እላለሁ። ያው ነው፣ ያበራል። ለተማሪ የሚታይ ዓይነት፣ ጥርት ያለ።

«ይጻፉ።»

«ምን ብዬ?»

«ያልኩትን።»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲጭር እሰማለሁ። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። ዘበኛው ነው።

«ዶክተር ኢሪኪ፣ አማትዎ ሕፃኗን ይዘው መጥተዋል። የተራራው አመድ በዝቷል፣ ቶሎ ትውረድ ብለዋል።»

ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ እንዳጠባት ያመጡልኛል። ልጄ ናኦ ሰባት ወሯ ነው።

ካሚዞኖ ጓንቱን አውልቆ መልሶ ያጠልቃል። «እስካሁን የጠባችውን ጠብታለች» ይላል ወደ መሬት እያየ። «የዛሬዋ አንዲት ጊዜ ምን ትጨምራለች? ከሰዓት በኋላ እስክንደግመው ያጥቧት። ማን ያያል?»

ይሄን እናቶቹ ሁሉ ይሉኛል። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ለደሴቶቹ እናቶች የምናድለው የዱቄት ወተት ተደርድሯል። አንድ ቆርቆሮ አነሳለሁ። በእያንዳንዱ ላይ እኔው ጽፌ ያስለጠፍኩት ወረቀት አለ፦ «አይዞሽ፣ ልጅሽ በዚህም ታድጋለች»። ሲጻፍ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳነበው ይሄን የጻፈችው ደረቅ ሰው ማን እንደሆነች እንጃ።

እሳተ ገሞራው ተራራ ዛሬም አመዱን ይነፋል። አማቴ በሩ ጋ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል፣ ናኦ ጀርባቸው ላይ ታዝላለች።

«ምነው ቆየሽ? መዳፏን ልትበላው ነው እኮ!» ይላሉ አንቀልባውን እየፈቱ። ከዚያ ቆርቆሮውን ያያሉ። «ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

ልመልስላቸው አፌን እከፍታለሁ። ናኦ ድምፄን ሳትሰማ፣ መልኬን ብቻ አይታ፣ እጆቿን ዘርግታ ማልቀስ ትጀምራለች። ቆርቆሮውን ወደ ደረቴ አስጠጋዋለሁ፤ ከሥሩ ሸሚዜ በሁለቱም በኩል በወተት ሲርስ ይሰማኛል።