የጳጉሜ ጥያቄ

ዓመቱን ሙሉ ጳጉሜን ስጠብቅ ከረምኩ። የተማሪዎች አንገትጌ ላይ የሚሰካውን የጥያቄ ቆጣሪ የሠሩት ሰዎች አሥራ ሁለት ወር ብቻ ቆጥረው ጳጉሜን ረስተዋታል፤ እኛም ወላጆች ማንም እንዳያስታውሳቸው እንጸልያለን። በሌላው ጊዜ አንድ ልጅ ቤትም ይሁን ሜዳ ጥያቄ ከጠየቀ፣ «አያውቅም» ተብሎ ከውጤቱ ይቀነስበታል።

ስለዚህ ልጄ ኤልዳና ጥያቄዎቿን ለጳጉሜ ታጠራቅማለች። አምና ፋታ አልሰጠችኝም። ድመት ለምን አትስቅም? ዝናብ ሲዘንብ ጉንዳን የት ይገባል? አባዬ የማይደውለው ተቆጥቶ ነው? የግማሹን መልስ እኔም አላውቀውም ነበር።

ዘንድሮም ከልብስ ስፌት ፋብሪካው በስንት ልመና ፈቃድ ወሰድኩ። ቆጣሪዋን ነቅዬ ስኳር ዕቃው ውስጥ ከተትኩትና ያበጠ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩ።

«በይ እንግዲህ የኔ እናት፣ ጠይቂኝ» አልኳት።

አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እጇን ወደ አንገትጌዋ ሰደደች፤ ባዶ መሆኑን ስታውቅ መልሳ አወረደችው። ከዚያ አሰበች፣ አሰበች። ዘንድሮ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች።

«የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ምንም ይሁን።»

እግሬን የነከርኩበት ውሃ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ እንዲሁ አይመጣልኝም» አለችኝ። «ከሀ እስከ መ ምርጫ ስጪኝ።»