የነጋ ዳማ

ሃጀር የሠራችው የተራ ማስያዣ ድረ ገጽ በዳንግላ ባለጋሪዎች ፊት ለሦስተኛ ጊዜ ተበላሸ፤ አንዱ ባለጋሪም ሳቀባት። የገጹን ውሎ እንዲመዘግብላት የጻፈችውን ትእዛዝ «ሎግ» ብላው ነበር፤ ለካ ገጹን የሠራችበት ፍሬምወርክ የሚሉት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍም የራሱ «ሎግ» ኖሮታል። አንዱ ሲጠራ ሌላው አቤት እያለ፣ ላፕቶፑ ባቄላ እስኪቆላ ጋለ።

«ዛሬ ካልሠራ እንተወዋለን፣ ልጄ» አሏት የባለጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ነጋ።

በዚህ መሀል አንድ ባለጋሪ «ና ዳማ!» ብሎ ሲጣራ አራት ዳማ ፈረሶች ከነተሳፋሪያቸው ተነሡ። ዳቦ ልትገዛ የተሳፈረች አንዲት ሴትዮ ሳታስበው አዲስ ቅዳም ከተማ ገባች ይባላል።

«የነጋ ዳማ፣ የፀጋው ዳማ እያልህ ለይተህ ጥራ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» ጋሽ ነጋ ጮኹበት።

የሃጀር ጣት ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ «ሎግ» የሚለውን ስም ሰርዛ ትእዛዟን «የጋሪ ሎግ» አለችው። ገጹ ተከፈተ፤ የባለጋሪዎቹ ስም በየተራው ተደረደረ።

ሁሉም ላፕቶፑን ከበቡት። «እኔ ከፀጋው ኋላ? ማን ፈርዶ!» አለ ቅድም ሲስቅባት የነበረው ባለጋሪ።

«አንተማ አርፍደህ ነው የመጣኸው፤ ይኸው ተጽፏል!» አሉት ጋሽ ነጋ፣ በጣታቸው ገጹን እየጠቆሙ።

ሃጀር ፈገግ አለች። ተራው ካጣላቸው፣ ገጹን ተቀብለውታል ማለት ነው።