ቀይ ክዳን ያለቀ ቀን

«ይኼኛው ጫፍ አምስት ሺህ ዓመቱ ነው» ይላል ዶክተሩ፣ እርሳሱን የጭቃው ግራ ጫፍ ላይ ቀስሮ። «ልብ ይበሉልኝ፣ ምን የመሰለ ቡናማ ነው! ውሃ የጠገበ ጭቃ። ያኔ ረግረጉ ጎረምሳ ነበር።»

መሐንዲሷ ልብ ትላለች። የከተማው ግንባታ ኃላፊ ናት፤ ሄልሜቷን አውልቃ ከቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ቀኝ ጥግ ሥር ወንበር ላይ ገልብጣ አስቀምጣዋለች፣ የመኪናዋን ቁልፍም እዚያው ውስጥ ጥላዋለች። ለረግረጉ የሰጠችው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ረግረጉ ዳር የተሰለፉት መኪኖች የጫኑትን አፈር መገልበጥ ይጀምራሉ፤ አፈሩ ላይ የአውቶቡስ መናኸሪያ ይቆማል። ግማሽ ሰዓቱም ቢሆን የተገኘው በሥጋ ዝምድና ነው፤ ከዶክተሩ ጀርባ ነጭ ጋዋን ለብሳ የቆመችው ተማሪ ታናሽ እህቷ ናት።

ጭቃው ከረግረጉ ሆድ በቱቦ ተስቦ የወጣ ነው። ቱቦው እንደ አሸንዳ ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ቁመቱም ዕድሜውም ከዶክተሩ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ዝምተኛ መሆኑ ነው።

«ቀጥሎ» እርሳሱ ወደ ቀኝ ይጓዛል፣ «ይህቺ ቀጭን ጥቁር መስመር ከሰል ናት። ሰዎች መጡ፤ ደኑን አቃጠሉ። ከዚያ ዝናቡ ሸሸ። ከዚያማ ይኸው» የቀኙን ጫፍ በሐዘን ይነካዋል፣ «አሸዋ። ደረቅ አሸዋ። የዛሬው መልኩ ይኼ ነው። በሬዲዮም ተናግሬዋለሁ፤ ረግረጉ እየሞተ ነው፣ ልንታደገው ይገባል።»

«እየሞተ ከሆነማ እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች መሐንዲሷ። «አፈር ማልበስ ነው የቀረኝ።»

«እትዬ!» ትላለች ተማሪዋ።

«ምን እትዬ ትይኛለሽ? ከእኔ አፍ ወጣ? ዶክተርሽ ናቸው ያሉት።»

«መሞት ስል፣ ኢንጂነር፣ በሳይንሳዊ አነጋገር...»

«በፈለጉት አነጋገር ይሁን፣ ዶክተር። ደረቅ አሸዋ አሉኝ እኮ! ለመናኸሪያ ከዚህ የተሻለ መሠረት ከየት አመጣለሁ?»

ተማሪዋ ዓይኗን ከእህቷ ላይ አንስታ ጭቃው ላይ ትጥላለች። አምስት ሺህ ዓመት ነው በተባለው ጫፍ ውስጥ የሸምበቆ ሥር አለ፤ ነጭ ነው፣ ምንም አልበሰበሰም። ከዚያ የቱቦውን ሁለት ክዳኖች ታያለች። ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

ደንቡ ልጅም አይስተውም፤ ቀይ ክዳን ለላይኛው ጫፍ፣ ጥቁር ክዳን ለታችኛው። ረግረጉ መሐል ግን ቀዩ አለቀባቸውና ዶክተሩ ሁለቱንም ጫፍ በጥቁር ከደነው። ምልክት ላድርግበት ስትለው «ተይው፣ በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» አላት።

አሁን አፏን ከከፈተች ረግረጉ ይተርፍ ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፏ ደግሞ ያለዚህ ሰው ፊርማ አያልፍም፤ ባለፈው ዓመት ዶክተሩን በእንግዳ ፊት ያረመ ተማሪ ዛሬ ሞባይል ይጠግናል።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» መሐንዲሷ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ግራው ጫፍ ትጎነበሳለች። እንደተጎነበሰች ትቀራለች። «ዶክተር።»

«አቤት?»

«ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ለስላሳ ይጠጡ ነበር?»

ከሸምበቆው ሥር አጠገብ የጠርሙስ ቆርኪ ተሰክቷል። ቢጫ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

ዶክተሩ መነጽሩን ያወልቃል፣ ይወለውላል፣ መልሶ ያደርጋል። «ይህ በእኛ ሙያ ብክለት ይባላል። ያጋጥማል።»

«ይሁና። ለማንኛውም ሰዓቴ ደርሷል።» መሐንዲሷ ወደ ሄልሜቷ ትራመዳለች።

«ጭቃው ተዘቅዝቋል» ትላለች ተማሪዋ።

አሸንዳውን ከሥሩ ታቅፋ ታነሳውና፣ የግራውን ወደ ቀኝ የቀኙን ወደ ግራ አዙራ ታስቀምጠዋለች። እርጥቡ ጫፍ ከጠረጴዛው ጥግ አልፎ ከሄልሜቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«አምስት ሺህ ዓመቱ አሸዋው ነው፣ እትዬ። ያኔ ደረቅ ሸለቆ ነበር፤ ዳርና ዳሩ ደን። ሰዎች መጥተው ደኑን አቃጠሉት፤ ከሰሉ ይኸው። ውሃውን የሚጠጣው ዛፍ ጠፋ። ጎርፉ አፈር እያመጣ የሸለቆውን መውጫ ደፈነው። በኋላም ዝናቡ በረታ፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ተኛ። ቆርኪው ዛሬ ነው።»

«እና ረግረጉን ሰው ነው የሠራው እያልሽኝ ነው?»

«ሰውና ዝናብ። እየተቀባበሉ።»

«እየሞተም አይደለም።»

«እየሰፋ ነው።»

ዶክተሩ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ትክክል። እኔም ወደዚሁ ልመጣ ነበር።» ወደ ተማሪዋ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ስለ ጽሑፍሽ ሰኞ እንነጋገራለን።»

«እሺ፣ ዶክተር» ትላለች ተማሪዋ፤ ጣቶቿን በጋዋኗ ትጠርጋለች። ጋዋኑ ከእንግዲህ ነጭ አይደለም።

መሐንዲሷ የሁለቱንም አልሰማችም። «ምድር ቤት አለው እኮ» ትላለች ለራሷ። «መናኸሪያው። ሁለት ፎቅ ወደ ታች።»

ከአሸንዳው ጫፍ ቡናማ ውሃ መንጠባጠብ ጀምሯል። ጠብታው የሚያርፈው የተገለበጠው ሄልሜት ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ሄልሜትሽ...»

«አየሁት።»

ስልኳን ታወጣለች። «መኪኖቹን አቁማቸው» ትላለች። «አዎ፣ ሁሉንም። እኔ እስክመጣ አንድ አካፋ አፈር እንዳይወርድ።» ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መቼ ትመጫለሽ ሳይላት አይቀርም።

ሄልሜቱ ውስጥ ውሃው ቁልፏን ሊሸፍን ጥቂት ቀርቶታል። ከጭቃው ጋር የወደቀችው ነጯ የሸምበቆ ሥር ላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። መሐንዲሷ ወደ ቁልፉ እጇን ትዘረጋና፣ ውሃውን ሳትነካ ትመልሰዋለች።