ቀስት የጎደለው መስመር

አስማረ ቁርስ ቀርቦለት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተገደለ። አንዲት ጥይት ደረቱን በስታ አለፈች።

ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ ተኩስ ብርቅ አልነበረም። ጎረቤቱ ግን ዱላና ገጀራ ይዞ ግቢውን ሞላው። የሟች ሚስት ወርቅነሽ መሬት ላይ ተንከባለለች።

"መኝታ ቤት ተኝቼ ነው ተኩሱን የሰማሁት!" እያለች ደረቷን ትደቃለች።

የፊዚክስ መምህሩ ወንዳፍራሽ አላለቀሰም። ዕድሜውን ሙሉ ከጠመኔ ሌላ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ የልብ ጓደኛውን ደም ሲያይ ገዳዩን አንቆ መግደል አማረው።

ሁለት ቀዳዳ አገኘ፤ አንዱ ከወንበሩ ጀርባ የመኝታ ቤቱ በር መጋረጃ ላይ፣ ሌላው ከወንበሩ ፊት ለፊት በመንገዱ በኩል ባለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ። መኝታ ቤቱን ገለባብጠው ቢፈልጉም ጥይቷን አላገኟትም።

"ድንጋይም ሆነ ጥይት፣ ቅርብ ለቅርብ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው" አለ። "ሲባጎ አምጡልኝ!"

ሲባጎውን በመጋረጃው ቀዳዳ አሾልኮ፣ በቆርቆሮው በኩል ወደ ውጭ አወጣው። ከውጭ ሆኖ ሲስበው ወደ ውጭ የተቀለበሰው የቆርቆሮው ሹል ጠርዝ ጣቱን ቦጨቀው። ልብ አላለውም። ሰዎቹ ጫፉን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ፤ ሲባጎው ቀጥ ብሎ የኦጅዋክን የማንጎ ዛፍ ግንድ ነካ።

ኦጅዋክ የድሮ ተማሪው ነው፤ አሁን ሚሊሻ ሆኗል። ትናንት ገበያ መሃል ከአስማረ ጋር ተናንቀው በሰው ብዛት ነው የተላቀቁት። ዛሬ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ክላሹን ይወለውላል። ቀድመው መሣሪያውን ነጠቁት።

"እኔ አይደለም መምህር! አሁን ነው ከዘብ የመጣሁት!"

"መስመሩ አይዋሽም" አለ ወንዳፍራሽ።

ዱላው ወረደበት። ክንዱ ቀው ብሎ ሲሰበር ወንዳፍራሽ ደስ አለው። ኦጅዋክ ደም እየተፋ ቀና አለ።

"መምህር... ቀስቱስ? ፈተና ላይ መስመር ሣልኩ። ወዴት እንደሚሄድ ቀስት የለውም ብለው ዜሮ ሰጡኝ።"

"ይቀባጥራል!" አለ አንዱ፤ ገጀራውንም አነሣ። ገጀራው ወረደ፤ ኦጅዋክ ዳግም ቀና አላለም።

ከሰዓት በኋላ ወንዳፍራሽ ሲባጎውን ሊጠቀልል ብቻውን ተመለሰ። ሲባጎው ግንዱን የነካበት ቦታ አዲስ ሙጫ ያንጠባጥባል። በሰንጢው ፈለፈለው።

ጥይቷ እዚያ ውስጥ ነበረች። ቀና ብሎ ሲባጎው ወደ ተነሣበት መኝታ ቤት አየ።